የክሪንድል ምዕራብ ወንበር

ማክሰኞ ደብዳቤ መጣ፣ በቡናማ ፖስታ፣
አንድ መስመር ተኩል ጽሑፍ፣ ያለ አንዳች ይቅርታ፦
«ክሪንድል ምዕራብ የሚባል፣ የምርጫ ክልል የለም፤
ግማሹ ለሰሜን ተሰጠ፣ ግማሹ...» አልጨረስኩትም።

እኔ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ የቁልፉ ባለቤት ነኝ፣
ምርጫ ሲሆን ሌሊት ዐሥራ አንድ፣ ሚስቴ በክርኗ የምትቀሰቅሰኝ፤
የሕፃናቱን ትንንሽ ወንበር፣ ወደ ግድግዳ የማስጠጋ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ሠራሁ፣ ክረምትም ሆነ በጋ።
ሰዎች ለአንድ ወንበር ሲጋፉ፣ እኔ ሠላሳ ተሸክሜ፣
ስንቱን አየሁ በዚያ በር፣ ጥግ ይዤ ቆሜ።

የቅድመ አያቴ ጓሮ፣ የብረት እቶን ነበረው፤
ስትሠራ ኖረች ሰንሰለት፣ መርከቡን በዐይኗ ሳታየው።
ኬዚያ ነበር ስሟ። ልጇ፣ በቅርጫት ተንጠልጥሎ፣
ከወናፉ አጠገብ ይተኛል፣ ጥቀርሻ ፊቱን ከልሎ፤
መዶሻው ሲጮህ እንቅልፍ፣ እንደ እሽሩሩ ይወስደዋል፤
ዝም ሲል ግን ያ ዝምታ፣ አስደንግጦ ይቀሰቅሰዋል።

ከተማው ሁሉ ድምፅ ነበር፣ መዶሻ በየቤቱ፤
ድምፅ ያላቸው ግን ጥቂት፣ ባለ ርስት ባለ ሀብቱ።
ምርጫም በአደባባይ ነበር፣ በጩኸት፣ በአፍ የሚሰጥ፣
ሚስተር ትራንተም በረንዳ ላይ፣ ቆሞ ስም በስም ሲያዳምጥ።
ሌላ ሰው የጠራ ተከራይ፣ ሲነጋ ዕቃው ሜዳ ላይ፤
አልጋው ዝናብ ይመታዋል፣ ድመቷ ቁጭ ብላ ከላይ።

ከዚያ ሳጥን መጣ። መጋረጃ። በገመድ የታሰረ እርሳስ።
ሰው ከሆዱ ጋር ብቻውን፣ ሹክ ሊባባል፣ ሊወቃቀስ።
ያም ሆኖ ያው ትራንተም ገባ፤ ሆድም ይፈራል ለካ፤
መጋረጃ ዐይን ቢጋርድ፣ የውስጡን ጌታ አይነካ።

ድምፅ ያገኘች ዕለት ኬዚያ፣ መስማት ትታ ነበር፣
የሃምሳ ዓመት መዶሻ፣ ጆሮዋን ዘግቶት እንደ በር።
አስመራጩ «እዚህ ጋ» ሲላት፣ «ምን አልከኝ? ምን?» እያለች፣
ምልክቷን እንደ ብረት፣ በሙሉ ክንዷ ቀጠቀጠች፤
ወረቀቱ ተቀደደ። «የተበላሸ» ብለው ጣሉት።
(ማን አየው አትበሉኝ፤ የቤት ወሬ ነው፣ እንደሰማችሁት ያዙት።)
ለእሷ ግን አልነገሯትም። እስክትሞት ትመካ ነበር፣
«ያንን ሰውዬ ያስገባሁት፣ እኔ ነኝ» እያለች ሰፈር ለሰፈር።

ኋላ የማኅበር ሰው አሸነፈ፣ ኦብሪ፣ በአርባ አንድ ድምፅ ብልጫ፤
የትራንተም የልጅ ልጅ ባርኔጣውን፣ ረስቶ ሄደ በጓሮ መውጫ።
ኦብሪ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀመጠ። መጀመሪያ በብስክሌት፣
ቀጥሎ በመኪና መጣ፤ ከዚያ በፖስታ፣ ለገና ዕለት።

ጉርመይል ከጃላንድር መጣ፣ ብረት ሊያቀልጥ በሌሊት፤
ከፈረቃው ሲወጣ ሁሌ፣ አንደኛ መራጭ ከኔ በር ፊት።
ግድግዳው ላይ አንድ ሌሊት፣ «ወደ አገራችሁ» ተጽፎ፣
ባልዲ ይዤ ስደርስ እሱ፣ ቆየኝ እጅጌውን አጥፎ።

ፋብሪካው የተዘጋ ሌሊት፣ የመጨረሻው መዶሻ ሲያበቃ፣
ከተማው፣ እንደዚያ ሕፃን፣
ብርግግ ብሎ ነቃ።

ከዚያ ወዲህ ድምፅ አለን፣ ድምፅ ግን የለም በከተማ፤
ባለፈው ከመቶ አርባው መጣ፣ የቀረው የት እንዳለ ሳይሰማ።
አሁን ደግሞ ካርታው ላይ፣ መስመሩ ቦዩን ተከትሎ፣
በጉርመይል ሳሎን መሐል አለፈ፣ ሶፋውን ለሁለት ከፍሎ።
«እኔ ሰሜን ሆንኩ፣ ሚስቴ ደቡብ፤ ጨው አቀብዪኝ!» ብሎ ሳቀ፤
ሳቁ ወደ ሳል ዞረና፣ የእቶን ሳል፣ እዚያው አለቀ።

ዛሬ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። አዳራሹን ጠረግኩት እንዲያው።
እርሳሱ ከነገመዱ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።
ቁልፉን መልስ ያለኝ የለም። ወንበሮቹን በተራ አኖርኩ፤
አንዷ እግሯ ትነቃነቃለች፤ ቡናማውን ፖስታ አጠፍኩ፣
ከሥር ሸጎጥኩላት።
ቆመች።